ዋራባው ሣር የበላ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግረን ሰው ልብስ ሰፊ ነበር። በአክብሮት አው ኡመር ይባላሉ፤ የእናቴ አጎት ናቸው። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ዳር የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ የሰው ቀሚስ ሲያሰፉ ይውሉና፣ መግሪብ እንደሰገዱ ያልጨረሱትን ልብስ በከረጢት ጠቅልለው ወደ እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ እራታቸው እኛ ዘንድ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚያድርባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ ቤት የወንድ ድምፅ ማለት የአው ኡመር ድምፅ ማለት ነበር።

እጃቸው ሥራ ካልያዘ አፋቸው አይፈታም። እናቴ እራት ከተሠራበት ምድጃ ፍሙን እየለቀመች የከሰል ካውያቸውን ትሞላላቸዋለች፤ እሳቸው እርጥብ ጨርቅ ሱሪው ላይ አንጥፈው ካውያውን ጫን ሲያደርጉት እንፋሎቱ ቡልቅ ይልና የረጠበ ሱፍ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ያኔ ነው ተረቱ የሚጀመረው። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ማለትም በአብዛኛው ምሽት፣ ፋኖሱ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ ክሩን በሳቡ ቁጥር የእጃቸው ጥላ ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ሳህኖች ላይ ሲወጣና ሲወርድ እናያለን።

የጀጎልን ቤት ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ሳሎናችን ወንበር የለውም። ከወለሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ ምንጣፍና ትራስ የለበሱ መደቦች ናቸው ያሉት፤ ነደባ እንላቸዋለን። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ከፍ ያለው፣ አሚር ነደባ የሚባለው፣ የአባወራውና የከበረ እንግዳ ቦታ ነው። ልጆች ታች ናቸው። እኔና የአጎቴ ልጆች እዚያ ታች እግር በእግር ተጠላልፈን፣ እየተቆናጠጥን፣ አንዳችን በአንዳችን ላይ ተደግፈን ነበር የምናዳምጠው። ከተረቱ ደስታ ግማሹ መቆናጠጡ ነበር።

ከሁሉም የምወደው የፍየሏን ተረት ነው። አንዲት ፍየል ከነግልገሏ ከከተማችን በላይ ባለው ተራራ፣ ሐኪም ጋራ ላይ፣ ከመንጋው ተለይታ ትቀራለች። ዋራባ ይመጣል፤ ጅብን እኛ ዋራባ ነው የምንለው። ሁለታችሁንም ልበላ ነው ይላታል። ፍየሏም፣ ልጄ ቀንድ እስኪያበቅል ታገሠኝ፣ ያን ጊዜ በእግሬ እመጣልሃለሁ ብላ ትለምነዋለች። ዋራባው እሺ ይላል፤ ነገር ግን በየምሽቱ እየመጣ «ቀንዱ በቀለ?» ይላታል። አው ኡመር ይህቺን «ቀንዱ በቀለ?» ከሆዳቸው ሲያወጧት ሰውነታችን ይሸማቀቅ ነበር። በመጨረሻ ቀንዱ ይበቅላል። ፍየሏ ግልገሏን ልሳ ልሳ ወደ ከተማው በር ትልከዋለች፤ እሷ ግን ወደ ዋራባው ትሄዳለች፤ ይበላታል። ግልገሉ በሩ ጋ ሲደርስ ዘበኛው ቀንዱን አይቶ «ግባ» ይለዋል። በቃ፤ ተረቱ ይኸው ነው። እናለቅሳለን፤ በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ይንገሩን እንላለን። ልጅ የሚያስፈራው ነገር ሲኖር ደጋግሞ ይጠይቃል፤ የሚሸሸው ትልቅ ሰው ነው። ይህን ያኔ አንድ ሰው ቢረዳልኝ ኖሮ ከስንት ንዴት በተገላገልኩ ነበር።

ሰባት ዓመቴን እንደያዝኩ፣ እናቴ ገላዬን ስታጥበኝ እጇ ሆዴ ላይ ቆመ። በግራ ጎኔ አንድ ጠጣር ነገር ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዷ ትል ነው አለች፣ አንዷ ጣፊያ ነው አለች፣ ሌላዋ ደግሞ ስትሮጥ ወድቃ ይሆናል አለች። ሐረር ያየኝ ሐኪም ብዙ ሳይናገር ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። እዚያ ኩላሊቴ ላይ የበቀለ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ለእናቴ ታወቀ ማለቴ ነው። ለእኔ የተነገረኝ «ሆድሽ ውስጥ ትንሽ ቁስል አለች» ተብሎ ነው። ኩላሊቴን አወጡት፤ ከዚያም በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥሬ መድኃኒት ለመውሰድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከሐረር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ተመላለስን። ለአንዲት ትንሽ ቁስል ይህን ሁሉ መንገድ! ልጅ እኮ ሞኝ አይደለም።

ፀጉሬ ረገፈ። ክንዴ በመርፌ በለዘ። አው ኡመር ይህን ሲያዩ ምንም ሳይሉ ሦስት ቀሚስ ሰፉልኝ፤ እጅጌያቸው ከአንጓ እስከ ትከሻ በቁልፍ የሚከፈት፣ ነርሷ ልብሴን ሳታስወልቀኝ ደም ሥሬን እንድታገኝ። ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ቁጭ ብለው አስበውት ነው። እስከ ዛሬ ከሰው እጅ እንደዚያ ያለ ነገር ተቀብዬ አላውቅም፤ ሳስበው አሁንም ዓይኔ እንባ ያቀርራል። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። እጃቸው መታመሜን አምኖ ቁልፍ ይተክላል፤ አፋቸው ግን አንድም ቀን አላመነም።

በመድኃኒቱ መካከል ሐረር ስንመለስ ቦታዬ ተቀይሮ ጠበቀኝ። አሚር ነደባው ላይ፣ ከአው ኡመር ጎን፣ በአራት ትራስ ተከብቤ ተቀመጥኩ። ሐኪሞቹ ጉንፋን ከያዘው ሰው አርቋት ብለው ነበር፤ እናቴ ከሰው ሁሉ አርቋት ብለዋል ብላ ተረጎመችው። የአጎቴ ልጆች ከታች ሆነው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ እንደ እንግዳ ያዩኛል። የሚቆነጥጠኝ የለም። የሚጣላኝ የለም። ዳቦዬን የሚነጥቀኝ የለም። በሰባት ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ወርጄ መሐላቸው ገባሁ፤ እናቴ ከጓዳ ስትወጣ አይታኝ ምንም ሳትናገር በብብቴ አንስታ መለሰችኝ። ልጆቹም ጥፋት እንደሠሩ ሁሉ ተሸማቀቁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት የፍየሏን ተረት ጠየቅሁ። አው ኡመር የአንድ አስተማሪ ኮት እየዘመዘሙ ነበር። ጀመሩት፤ እንደ ወትሮው ጥሩ አድርገው ነገሩት፤ «ቀንዱ በቀለ?»ን ግን ከሆዳቸው አላወጧትም፣ ቀለል አድርገው አለፏት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መርፌያቸው ቆመ። ዓይናቸው ወደ እናቴ ሄደና ተመለሰ።

«ከዚያ... ዋራባው ፍየሏን ሲያያት አዘነላት» አሉ። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሣር ነው የምበላው አላት። ሦስቱም አብረው ሣር እየበሉ ኖሩ። አልሀምዱሊላህ።»

 ከታች ፉአድ፣ የአጎቴ ልጅ፣ «ወላሂ ዋራባ ሣር አይበላም!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ዓይኗን ስታፈጥበት ቃሉን ዋጠ። ሌላ ማንም አልተቃወመም። ያ ሁሉ ልጅ፣ አንዲት ቃል ብትቀየር «ተሳስተዋል!» እያለ ቤቱን የሚያናጋ ልጅ፣ ዝም ብሎ እግሩን ያያል። እነሱ የሚያውቁት፣ ለእኔ ያልተነገረኝ ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ። መርፌው አልነገረኝም፣ የተቆረጠው ሆዴ አልነገረኝም፤ ልሞት እንደምችል የነገረኝ ያ ሣር የበላው ዋራባ ነው። እኔን እንዳያስፈሩ ብለው ከማንኛውም ዋራባ የባሰ ነገር አመጡብኝ፤ እሱም ብቻዬን እንድፈራ መተው ነበር።

አዲስ አበባ የተኛሁበት ክፍል ውስጥ ግን ማንም ሣር አይበላም። እዚያ ሰላም የምትባል የአሰላ ልጅ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አልጋዋ ከእኔ ቀጥሎ። ሁለታችንም መላጣ፣ ሁለታችንም ነገረኛ። ብርቱካን በመርፌ እየወጋን «ትንሽ ብቻ ነው የሚያምሽ፣ አይዞሽ» እያልን በነርሶቹ እናሾፍ ነበር። ማስታወክ ሲመጣብን ማን ቀድሞ ገንዳው ጋ ይደርሳል ብለን እንወራረዳለን። ለሰላም የፍየሏን ተረት በእውነተኛው መጨረሻ ነገርኳት፤ «ቀንዱ በቀለ?»ንም እንደ አው ኡመር ከሆዴ ለማውጣት ሞከርኩ። ስጨርስ ጣራውን እያየች ጠየቀችኝ።

«ዋራባው ሲበላት አመማት?»

«አላውቅም።»

«ያማታል እንጂ» አለች ሰላም። «ግን ልጇ በሩ ጋ ደርሶላታል።»

በሕመሜ ዘመን ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ትልቁ ንግግር ይህ ነው። ሁለት ልጆች፣ በሁለት አልጋ ላይ፣ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ምግብም በላሁ። ነርሷ መድኃኒቱ ተስማማት አለች።

በሚቀጥለው ዙር ስንመለስ ሰላም ከፍቷት አገኘኋት፤ አታወራም። በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነቃ አልጋዋ ተነጥፎ አየሁ። ነርሷን ጠየቅኋት፤ ዓይኗ ቀልቷል። «አገሯ ገባች» አለችኝ። እናቴን ጠየቅኋት፤ የጫማዬን ክር እያሰረችልኝ ቀና ሳትል «አገሯ ገባች፣ ኢንሻአላህ አንቺም ትገቢያለሽ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ እሷም አላሰበችውም መሰለኝ። ጓደኛዬ ሞታ ነበር፤ አውቄያለሁ፤ እነሱም ያውቃሉ። ግን አገሯ የገባች ልጅ ስለማይለቀስላት አላለቀስኩም። 

ሐረር ስንመለስ አው ኡመርን ፊት ለፊት ያዝኳቸው።

«የፍየሏን ተረት ይንገሩኝ። እውነተኛውን።»

እሳቸው እናቴን አዩ። እናቴ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ረሳሁት፣ ልጄ» አሉኝ።

የስንት ሰው የወገብ ልክ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው! ያን ምሽት ያለ ተረት ሰፉ፣ ያለ ተረት ተኮሱ፣ ከረጢታቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ሁለተኛ ተረት አልጠየቅኳቸውም። የተረት ዘመናችን እንዲህ አለቀ።

መድኃኒቱ ያለቀ ዕለት አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ለእናቴ አንድ ወፍራም ፖስታ ሰጣት። እኔ ወንበሩ ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ ተቀምጫለሁ፤ ልጅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጆሮው የተዘጋ የሚመስላቸው ለምን እንደሆነ አላውቅም። «የወሰደችው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ» አላት። «በየዓመቱ ትታይ። ኩላሊቷ አንድ ነው፤ ልቧንም መድኃኒቱ ሊነካው ስለሚችል ይከታተሉላት። ይህን ወረቀት እንዳይጥሉት።» እናቴ ፖስታውን ደረቷ ውስጥ ከታ እስከ ሐረር ሌላ ሰው አላስነካችውም።

ቤት ገብተን፣ ዘመድ መጥቶ እንኳን አላህ ማረሽ ብሎ ከሄደ በኋላ፣ ምድጃው ፊት በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ፖስታውን ቀደደችው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዳቸውን ከላይ እስከ ታች እያየች፣ ፍሙ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዳር ዳራቸው እየጠቆረ ሲጠቀለል፣ የሆስፒታሉ ማኅተም መጨረሻ ላይ ሲቃጠል አየሁት። የበሽታው ወረቀት ቤት ውስጥ ካደረ በሽታውም ያድራል ነው ነገሩ። ጭሱ ሲያልቅ አመዱን በውሃ አጠፋችውና «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስሙ አይነሳ» አለች። አው ኡመርም «አሚን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመኔን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ስሙ አይነሳ እንጂ እሱ ከቤት አልወጣም። ውሃ ላንሳ ስል «ተይ ይከብድሻል»፤ ፀሐይ ላይ ስቆም «ግቢ»፤ ንፋስ ላይ ስቆም «ግቢ»፤ ገመድ ስዘል የጎረቤት ሴት ሳትቀር ከመስኮቷ ትጮህብኛለች። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልስ የለም፤ መልሱ ስሙን ማንሳት ነዋ! ትምህርት ቤት ስፖርት ከመሥራት የሚያስቀረኝ ደብዳቤ ሲጻፍልኝ እንኳ ምክንያቱ «በቤተሰብ ጉዳይ» ይል ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ደክሞኛል፣ ላቤ ይንጠፈጠፋል፣ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም፤ ከላይ ሆኜ ጀጎልን ቁልቁል ሳይ እናቴ ባጃጅ ተኮናትራ፣ ሹራብና ጃንጥላ ይዛ፣ መንገዱ እስከሚያስኬዳት መጥታ ከታች ስሜን ስትጠራ ሰማኋት። ያኔ ቆዳዬን ገፍፌ ብሰጣት በወደድኩ።

ሰርግ ቤት ከአሮጊቶች ጋር ያስቀምጡኛል። ለጋብቻ ጠያቂ ሲመጣ «ትወልዳለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለአክስቶቼ፣ ለጎረቤቶቼ ይቀርባል፤ ለእኔ ግን የማንም አፍ አይደፍርም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ እስቲ ልብ በሉልኝ፣ ከንፋስና ከፀሐይ እንደ እንቁላል የምጠበቀው እኔ፣ ሐኪሙ በየዓመቱ ትታይ ያለውን ነገር አንድም ጊዜ አልታየሁም። አንድም ጊዜ! ሐኪም ቤት መመለስ እሱን መጥራት ነው ተብሎ። የከለከሉኝን ሁሉ ማንም ሐኪም አላዘዘም፤ ያዘዘውን ደግሞ ከለከሉኝ። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ፍቅር መሆኑ ነው እንዲህ አንጀቴን የሚያሳርረው፤ ጥላቻ ቢሆን በር ዘግቼ እወጣ ነበር።

አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ ትንንሽ ልጆች አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍሌ ለመድረስ መሐል ደረጃ ላይ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ማታ ማታ እግሬ ያብጣል። ብዙ ቆሜ ስለምውል ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ እኔም የዚያ ቤት ልጅ ነኝና። አንድ ቀን ተማሪዎቼ ፊት ትንፋሽ አጥሮኝ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሙ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። የሆዴን ጠባሳ ሲያይ ጠየቀኝ፤ ስሙን አነሳሁለት። ካርድሽስ አለኝ። ተቃጥሏል አልኩት። ምን መድኃኒት ወሰድሽ አለኝ። «ቀይ» አልኩት፤ «አንዱ ቀይ ነበር።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቀዩ ልብን የሚያደክም ሊሆን እንደሚችል፣ ስንት ጊዜ እንደወሰድኩ ማወቁ ለሚሰጠኝ ሕክምናና ወደፊት ለሚጠብቀኝ ነገር ወሳኝ እንደሆነ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። አዲስ አበባ ያለው የድሮ መዝገብም ደውሎ ሲያጠያይቅ ሊገኝ አልቻለም። «የሚያውቅ ሰው የለም?» አለኝ። አንዲት ሴት አለች፣ ግን አትናገርም አልኩት።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። እናቴ ገና ስሙን ስጠራ እጇን አፌ ላይ አደረገች። እጇን አነሳሁት። «ኡሚ፣ ልቤ ታሟል። የወሰድኩትን ንገሪኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አላስታውስም» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አው ኡመር፣ ጆሯቸው ደክሞ፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ አሚር ነደባው ላይ ሆነው «ያለፈ ነገር ነው ልጄ፣ ተይው» አሉኝ። «እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ!» አልኳቸው። በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ደነገጥኩ። ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ጠዋት ለቀጠሮዬ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ሻሿን አስራ፣ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች።  ባጃጁ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል፣ ወደ ውጭ እያየን ሄድን።

ሐኪሙ ክፍል ገብተን ወንበር እንደያዝን፣ ገና ሳይጠይቃት ጀመረች።

«ግራ ኩላሊቷ ነው የወጣው። የመጀመሪያው ቀይ ረጀብ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው።»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «እናቴ፣ የረጀብ ወር በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው?»

«በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ነበር። ጻፍ ልጄ፣ ሁለተኛ አልናገርም።»

እሱም ጻፈ። የመድኃኒቶቹን ስም ሦስቱንም ጠራችለት፤ ቀዩን ዶክሶሩቢሲን ሳይቀር ፊደሉን እየሰበረች፣ ግን አንዱንም ሳትስት። ቀዩን ስድስት ጊዜ እንደወሰድኩ፣ በየትኛው ቀን በየትኛው ክንዴ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ሻእባን ማለቂያ ላይ ሲሰጠኝ ደም ሥሬን ስቶ ክንዴ እንዳበጠ፣ በሸዋል ኪሎዬ ስንት እንደነበር፣ ስንት ቀን እንዳልበላሁ ነገረችው።  አንዱን ሳትዘልል፣ አንዱን ሳታሳምር ትናገር ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ አያታለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ!

«አራተኛው በአንድ ቀን ዘገየ» አለች። «ዙልሂጃ ውስጥ ነው። ሰላም የምትባል የአሰላ ልጅ ከጎኗ ነበረች። ሰላም የሞተች ዕለት ነርሷ ስታለቅስ ዋለች፤ ለልጄ መድኃኒቱ በማግስቱ ተሰጣት።»

ሞተች አለች። ጫማዬን ያሰረችልኝ እጇ ጭኗ ላይ አርፏል። ሐኪሙ የሚጽፈው የመድኃኒቱን ቀን ብቻ ነበር፤ እሱ ምንም አላየም። እኔ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነኝ መምህርት፣ ለሰላም አለቀስኩ። እናቴ ዞራ አላየችኝም። ንግግሯንም አላቋረጠችም፤ የሻሿን ጫፍ ብቻ ፈትታ በጎን አቀበለችኝና ወደ አምስተኛው አለፈች።

ሐኪሙ ሲጨርስ «እናቴ፣ ይህን ሁሉ የት ጽፈውት ነበር?» አላት።

«ምኑ ይጻፋል?» አለችው።

ልቤ በአልትራሳውንድ ታየ። ደክሟል፣ ግን የሚታገዝ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ኪኒን እውጣለሁ፣ በየስድስት ወሩ እታያለሁ። መውለድ ብፈልግም በክትትል እንደሚቻል ነገረኝ፤ ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ነበርኩ የጠየቅሁት። በመመለሻችን ባጃጅ ውስጥ መታገሥ አቃተኝ።

«ይህን ሁሉ ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጅ ነበርሽ።»

«አሁንስ? አሥራ አምስት ስሆንስ? ሃያ ስሆንስ?»

«አትጩኺ፣ ልብሽ» አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ፤ ንዴቴ ግን አልሄደም፤ አሁንም አልሄደም። ወረቀቱን ያቃጠለችው ሁሉን በቃሏ ስለያዘች ነው ወይስ ለመርሳት ብላ አልሆነላትም፣ ዛሬም መልሱን አላውቅም። ስጠይቃት ወደ ጓዳ ትገባለች። ትልልቆቹ ያኔ ያሸከሙኝ መስሎኝ የኖርኩት ዝምታ ለካ ግማሹ እሷ ላይ ነበር፤ በሁለት ሰው ልንሸከመው የምንችለውን ነገር ለየብቻችን ስንጎትተው ኖርን። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከማዘኔም በላይ ያናድደኛል።

የተናገረችውን ሁሉ በራሷ ቅደም ተከተል፣ ከነረጀቡ ከነሻእባኑ፣ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ማታ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አቆመችኝ።

«ስድስተኛው ላይ ሦስት ቀን ትኩሳት ነበረሽ። ጨምሪው።»

ጨመርኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ ማንበብ የማትችለውን ፊደል ከላይ እስከ ታች ስታይ ቆየችና መለሰችልኝ።

«አስቀምጪው» አለች። «ሳሎን ግን አይሁን፤ ሰው ያያል።»